ስድስት ልምምድ ለአንድ ባሕር

ቤተሰብ ለእረፍት ሊሄድ ሲነሳ፣ ከሁሉ አስቀድሞ እረፍት የሚያጣ አንድ ሰው በየቤቱ አለ። ዝናብ ቢዘንብስ ብሎ የሚያቅድ፣ ባይዘንብስ ብሎ ደግሞ እንደገና የሚያቅድ ሰው። እኛ ቤት እንዲህ ያለ ሰው የለም የምትሉ ካላችሁ ቤተሰባችሁን ጠይቁ፤ እናንተ ናችሁ።

የእኛ ቤቱ ታላቅ ወንድሜ ናቸው። አንተ እያልኩት ያደግኩትን ሰው እዚህ አንቱ የምለው ወድጄ አይደለም፤ የጉዞ ወሬ ሲነሳ የተሾሙ ስለሚመስላቸው ነው። የአውቶቡስ ተርሚናል የስምሪት ኃላፊ ናቸው። የትኛው አውቶቡስ በስንት ሰዓት ከየትኛው በር እንደሚወጣ ሲወስኑ ሃያ ዓመት ኖረው፣ ቤታቸውንም እንደ አንድ ተጨማሪ አውቶቡስ ማየት ጀምረዋል። ፊሽካው ከአንገታቸው አይወርድም። "እቅድ የሌለው ጉዞ ስደት ይባላል" ይላሉ። ጥርሳቸውን እያጠቡም ይሉታል፣ አረፋው እየተረጨ።

ዘንድሮ ሚስታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና እኔን ይዘው ባሕር ያለበት አገር ሊሄዱ ተነሱ። ገደሉ ቁልቁል ውሃ ውስጥ የሚገባበት፣ ነጭ የመብራት ማማ በየኮረብታው ጫፍ የቆመበት፣ የዓሣ ጀልባዎች ቀይና ሰማያዊ ተቀብተው የሚደረደሩበት አገር ነው። ይህን ሁሉ ያወቅኩት ካርታው የሳሎኑን ግድግዳ ስለያዘው ነው። ቴሌቪዥኑ ቦታውን ለቆ ኮሪደር ገብቷል።

ከካርታው ሥር በፕላስተር የተያያዙ አራት ወረቀቶች አሉ። "ዘጠኝ ከሩብ፦ ባሕሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ማየት። ዘጠኝ ከሃያ፦ መደነቅ። ዘጠኝ ተኩል፦ ጫማ ማውለቅ" ይላሉ።

ሚስታቸው ፋርማሲስት ናት፤ የመጠን ነገር ይገባታል። "ለመደነቅ አሥር ደቂቃ ይበቃል?" አለቻቸው።

"ለአዋቂ ይተርፋል" አሉ ክቡርነታቸው ኮስተር ብለው። "ለልጆቹ አምስት ጨምሬላቸዋለሁ።"

"ይሄስ? 'ጠብ፣ ሃያ ደቂቃ' የሚለው?"

"ልጆች መንገድ ላይ መጣላታቸው አይቀርም። ካልቀረ በሰዓቱ ይጣሉ።"

የእንግዳ ማረፊያዋ ባለቤት ደግሞ ታሳዝነኛለች። በመጀመሪያው ሳምንት ከበሩ እስከ ውሃው ስንት እርምጃ እንደሆነ በስልክ ተጠየቀች። ወጥታ ቆጥራ ነገረቻቸው። "የልጅ እርምጃ ነው የአዋቂ?" ተባለችና እንደገና ወጣች። በሦስተኛው ወር የገዛ አገሯ ባሕር በስንት ሰዓት ሞልቶ በስንት እንደሚጎድል ራሷ እየደወለች ትጠይቃቸው ነበር።

ዋናም ተምረናል፤ ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ። ልጆቹ በሆዳቸው ተኝተው እጅና እግራቸውን ሲያወራጩ፣ ከውሃ ጋር ከሻወር ያለፈ ትውውቅ የሌላቸው አባት ከላይ ቆመው ፊሽካ ይነፋሉ። የአሥራ አራት ዓመቱ ጎረምሳ ክርኑ ተላጠ። መሃለኛዋ ሶፋው ሥር ጠልቃ ሁለት ዓመት የጠፋ ማንኪያ ይዛ ወጣች። የዚያን ቀን ሆዳችንን ይዘን ነው የሳቅነው።

ከሁሉ የባሰው ግን ልምምዱ ነው። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ይሉና ቅዳሜ ጠዋት ፊሽካውን ይነፋሉ። "ዛሬ ነው ብላችሁ አስቡ!" ሻንጣ ይዘን ከሦስተኛ ፎቅ እንወርዳለን፣ ታክሲ መቆሚያው ድረስ በሰልፍ እንሄዳለን፣ እንቆጠራለን፣ እንመለሳለን። እኔ የኋላ ደጀን ተብዬ ተሹሜያለሁ። እያንዳንዱ ልጅ የጀርባ ቦርሳውን ራሱ ያሰናዳል። ኃላፊነት ይልመዱ ብለው ቦርሳውን ከፍተው አያዩም፤ ሚዛን ላይ ግን ያወጡታል። ሦስት ኪሎ ተኩል፣ ንቅንቅ የለም።

በመጀመሪያው ልምምድ ምድር ቤት ያሉት አሮጊት ጎረቤታችን እያንዳንዳችንን አቅፈው ስመው፣ መርቀው፣ እንባቸውን እየጠረጉ ሸኙን። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ከነሻንጣችን ስንመለስ አሁንም ደጃፋቸው ላይ ነበሩ። "ምነው ልጆቼ፣ ባሕሩ ደረቀ?" አሉን። ስድስተኛው ልምምድ ደግሞ በታክሲ እስከ አየር ማረፊያው በር ድረስ ነበር፤ በሩን ነክተን ተመለስን።

የእኔም አፍ አያርፍም። "ልጆች፣ በዚህ አያያዛችን ባሕሩን በልምምድ ጨርሰን ቤታችን መቅረታችን ነው" እላቸው ነበር። ትልልቆቹ ይንከተከታሉ። የመጨረሻዋ፣ የሰባት ዓመቷ ሚጢጢ፣ አትስቅም። ቦርሳዋን አዝላ ከሁሉ ቀድማ በሩ ላይ ትቆማለች። የልምምዱ ኮከብ እሷ ነበረች፤ አንድም ቀን አላረፈደችም።

ጉዞው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ተርሚናል ድረስ ሄጄ ነበር። ወንድሜ ከመስታወቷ ክፍላቸው ውስጥ ሆነው አውቶቡስ እየሸኙ፣ ፊታቸውን ወደ እኔ ሳያዞሩ ማውራት ጀመሩ። ካቻምና ልንሄድ ባልንበት ጠዋት ድልድይ ተደርምሶ፣ መስመሩ ሁሉ ተዘግቶ፣ ለሥራ ተጠሩ። አምና ጎረምሳውን ትርፍ አንጀት አመመውና ሆስፒታል አደርን። ሁለቱንም ጊዜ ሚጢጢ ኮፍያዋን አድርጋ በሩ ሥር ቦርሳዋ ላይ ተቀምጣ ዋለች።

"ሁለቱ ትልልቆቹ መቼ ነው መቼ ነው እያሉ ናላዬን ያዞሩታል" አሉኝ። "እሷ ግን አንድም ቀን አልጠየቀችኝም። ልጄ እኔን ማመን ትታለች።"

"ኧረ ጋሼ፣ ልጅ እኮ ናት። ትረሳዋለች።"

"አትረሳም። ዘንድሮም ከቀረን ከእንግዲህ ምንም ብላት አታምነኝም። አንዲት ነገር እንድትበላሽ የማልፈልገው ለዚህ ነው።" ይህን ብለው ለሚቀጥለው አውቶቡስ ፊሽካ ነፉ።

ቀኑ ደረሰ። ፊሽካው ተነፋ፤ "ዛሬ ነው!" አሉ ክቡርነታቸው። ወረድን፣ ተቆጠርን፣ ታክሲ ውስጥ ገባን። ጎረምሳው እንኳ ማዳመጫውን ከጆሮው አውልቆ እግሩን ያንቀጠቅጣል። መሃለኛዋ በደስታ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳትም። እኔም በዚህ ዕድሜዬ ልቤ እንደ ልጅ ይዘል ነበር፤ ምን አፈር ልብላ፣ ባሕር አይቼ አላውቅማ።

ፍተሻው ጋ ስንደርስ የሚጢጢ ቦርሳ ማሽኑ ውስጥ ቆመ። ፈታሿ ስክሪኑን አየች፣ ጎንበስ ብላ ደግማ አየች፣ ቦርሳውን ከፈተች። የተቃጠለ የልብስ ካውያ አወጣች። ቀጥሎ የአምና የሂሳብ መጽሐፍ። ከዚያ በኋላ ምንም የለም።

"የኔ ቆንጆ፣ ልብስሽ የታለ? ምን ልትተኩሺበት ነው?" አለቻት።

"ክብደቱ እንዲሞላ ነው" አለች ሚጢጢ በትሕትና።

አባቷ ካውያውን በእጃቸው ይዘው ቀሩ። "የዋና ልብስሽስ?"

"ቤት ነው። በልምምድ ለምን ይቆሽሻል?"

"የምን ልምምድ?"

"ባሕሩ ጋ እንደማንሄድ አውቃለሁ፣ አባዬ" አለች። "ግን እኔ ካልመጣሁ አንተ ይከፋሃል።"

አንቱታው እዚህ ላይ አለቀ። ወንድሜ፣ ያ ሰዓት አክባሪ፣ ከኋላችን ሰልፉ እንደ ጅራት ተንዘላዝሎ ሳለ አየር ማረፊያው ወለል ላይ ቁጭ አለ። ልጁን ሊያሳምን ወራት ሲለፋ፣ ለካ እሷ እሱን ስታባብል ነው የከረመችው።

"ሚጢጢ፣ ይሄ ልምምድ አይደለም" አላት። "የእውነት እየሄድን ነው።"

"እሺ አባዬ" አለችው፣ ትከሻውን መታ መታ እያደረገች። ቅንጣት አላመነችውም።

ከዚያ ዞራ እኔን አየችኝ። "አክስቴ፣ እስቲ አንቺ ንገሪኝ።"

ያን ሁሉ ጊዜ ያሾፍኩት እኔ፣ ባሕሩ ቀርቷል ያልኳት እኔ። እንደ እሷው ቁመት ተንበረከክኩና "እውነት ነው የኔ ማር" አልኳት። "አባትሽ ያለሽ በሙሉ እውነት ነው። ውሸታሟ እኔ ነኝ።"

አፍጥጣ አየችኝ። እናቷን አየች፤ እናቷ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። በመስታወቱ በኩል የቆመውን አውሮፕላን አየች። ፊቷ ከአገጯ ጀምሮ ቀስ እያለ ሲበራ ማየት ነበረባችሁ።

"መቼ ነው የምንደርሰው?" አለች።

ወንድሜ ሰዓቱን ከነደቂቃው በልቡ ያውቀዋል። ግን አስቀድሞ እቅፍ አደረጋት።

"መቼ ነው አባዬ?"

ካውያውንና መጽሐፉን ለፈታሿ ትተን ሄድን። ባዶ ቦርሳዋ ጀርባዋ ላይ እየዘለለ ሚጢጢ ከፊት ትሮጣለች፣ አባቷ ከኋላዋ። ደረጃው ላይ ጠየቀችው፤ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ጠየቀችው፤ ቀበቶዋን ሲያስርላት ጠየቀችው። እያንዳንዱን ጊዜ ገና አሁን እንደሰማው አድርጎ መለሰላት። እኔ ከኋላቸው ተቀምጬ አለቀስኩ። ይህን ግን ለእሱ እንዳትነግሩብኝ፤ በእሱ ማሾፌን ገና አልጨረስኩም።