መምህር ይመር ዛሬም ኖሩ

መምህር ይመር ያንን ሕልም ያዩት ሰው በሚያልምበት ሰዓት አይደለም። ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ ፀሐይ ቆርቆሮውን እያንጣጣች፣ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ነው ያዩት።

መምህር ይመር ኮምቦልቻ ውስጥ የሰባተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናቸው። የሚኖሩት ብዙ ተከራይ ባለበት ግቢ ውስጥ፣ በአንዲት ክፍል ቤት፣ ብቻቸውን ነው። ልጅ አልወለዱም። ባለቤታቸው ዙሪያሽ ከሞተች አምስት ዓመት አልፏታል።

ከእሷ ሞት ወዲህ አንዲት ቃል ለመዱ። በለቅሶው ሰሞን ያገኛቸው ሰው ሁሉ «እንዴት ነዎት?» ይላቸዋል። «ደህና ነኝ» እንዳይሉ ውሸት ሆነባቸው። «ደህና አይደለሁም» ቢሉ ደግሞ ጠያቂው ወንበር ስቦ ሊቀመጥ ነው። አንድ ቀን ከአፋቸው አምልጧቸው «አዝ ዩዥዋል» አሉ። እንደ ወትሮው ማለት ነው፤ በየዓመቱ ለልጆች የሚያስተምሩት ተራ የእንግሊዝኛ አነጋገር። ቃሉ ተመቻቸው። ውሸትም አይደል፣ እውነትም አይደል። ጠያቂውም ራሱን ነቅነቅ አድርጎ መንገዱን ይቀጥላል።

«እንዴት አደሩ?» «አዝ ዩዥዋል።» «በዓል እንዴት ነበር?» «አዝ ዩዥዋል።» ተማሪዎቹ «ቲቸር አዝ ዩዥዋል» የሚል ስም አወጡላቸው። ሰውም መልሱን አስቀድሞ ካወቀው ምን ብሎ ይጠይቅ፤ ቀስ በቀስ ተወው። ያልተወችው ግድግዳ የምትጋራቸው ጎረቤታቸው፣ የመኪያ እናት ብቻ ነበረች። ልጇ ተድራ ወደ ሐራ ከሄደች ወዲህ እሷም ብቻዋን ናት። ጠዋት ጠዋት ሻሿን እያሰረች በሯ ላይ ቆማ «እንዴት አደሩ መምህር?» ትላለች። እሳቸውም እየተራመዱ ያንኑ ይሏታል።

ሐሙስ ዕለት ሰሌዳ ላይ እየጻፉ ሳሉ ብርድ ብርድ አላቸው፤ ቾኩ ከእጃቸው ወደቀ። እንደ ምንም ቤታቸው ደረሱ። በሩን ከውስጥ ቀርቅረው፣ ጋቢ ደርበው ጋደም አሉ። ዓይናቸው ገና ከመከደኑ ሕልሙ ጀመረ።

በሕልማቸው ትምህርት ቤት ረፍዶባቸው ነበር። ሮጥ ሮጥ እያሉ አስፋልቱ ላይ ወጡ። ሦስት ተሳፋሪዎች አንድ ባጃጅ በትከሻቸው ተሸክመው ሲሮጡ አዩ። ሹፌሩ የኋላው ወንበር ላይ ተንፈላሶ «ወራጅ አለ! ኧረ ወራጅ አለ!» ይላል። የሚሰማው የለም። መንገዱ መሃል የቆመ ትራፊክ ፖሊስ ላይ እግረኞች ፊሽካ ይነፉበታል፤ እሱም መታወቂያውን ይዞ ይለምናቸዋል።

ከድልድዩ ማዶ የከብት ገበያው ደርቷል። በጎች ሰው ይገዛሉ። ሰዎቹ በገመድ ታስረው ተራ ይዘዋል። አንድ ጎልማሳ ሙክት ወደ መምህር ይመር ቀረበና ወገባቸውን ዳሰሰ፤ ጎናቸውን ጫን ጫን አደረገ።

«ይኼስ?» አለው ጓደኛው።

«አይሆንም። ብቻውን የሚበላ ሰው ሥጋ አይዝም» አለና ወደሚቀጥለው አለፈ።

መምህር ይመር ባለመሸጣቸው ደስ ሊላቸው ሲገባ ከፋቸው። «ትንሽ ቆየት ብለህ እየኝ እንጂ» አሉት። ሙክቱ አልዞረም።

ክፍል ሲገቡ መምህራኑ በትንንሾቹ ዴስኮች ላይ ጉልበታቸው አገጫቸውን እየነካ ተቀምጠዋል። ርዕሰ መምህሩ ጥግ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተንበርክኳል። ሰሌዳው ነጭ ነው፤ የሚጻፍበትም በከሰል ነው። የምታስተምረው ለይላ ነበረች፤ ሁልጊዜ የኋላ ወንበር ላይ የምትቀመጥ፣ ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋ ተሰምቶ የማያውቅ ተማሪያቸው።

«ዛሬ የምንማረው ዘወትር ስለሚሆን ነገር ነው» አለች። «ይመር፣ ተነሥ። አዝ ዩዥዋልን በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገባ።»

ተነሡ። ይኼማ ቀላል ነው አሉ በልባቸው። «ፀሐይ እንደ ወትሮዋ በምሥራቅ ወጣች።»

ክፍሉ ሳቀ። በመስኮት ቢያዩ ፀሐይ በምዕራብ በኩል፣ እንደ አርፋጅ ተማሪ የትምህርት ቤቱን አጥር ዘላ እየገባች ነው።

«ስሕተት። ሌላ።»

«ቦርከና እንደ ወትሮው ቁልቁል ፈሰሰ።»

ወንዙም በመስኮቱ ሥር አለፈ፤ እየተንፏቀቀ፣ እያለከለከ፣ ዳገቱን ወደ ደሴ ይወጣል።

«ስሕተት። የሰማዩንና የወንዙን ተወው። ስለ ራስህ ተናገር። ላንተ ዘወትር የሚሆንልህ ነገር ምንድን ነው?»

መምህር ይመር አሰቡ። ልባቸው ውስጥ ያለውን ሁሉ በረበሩ። ሲነሡ ማንም የለም፤ ሲመለሱ ማንም የለም፤ ይኼን ደግሞ በዓረፍተ ነገር ለማስገባት አፈሩ። በመጨረሻ አንድ ነገር አገኙ።

«ዙሪያሽ እንደ ወትሮዋ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።»

ማንም አልሳቀም። ለይላ ከሰሉን አስቀመጠች።

«እውነት ነው?»

«ነበር።»

«ለነበረ ነገር እንደ ወትሮው አይባልም። ሂድና ይዘሃት ና። እሷን ሳታመጣ ክፍል እንዳትገባ።»

«የት አገኛታለሁ?»

«ለቅሶ ላይ ናታ» አለች ለይላ፣ ይኼን እንዴት ታጣዋለህ በሚል ፊት።

በሩ ላይ ሳይደርሱ የዕድሩ ጡሩምባ ሲነፋ ሰሙ። ጡሩምባ ነፊው በየመንገዱ እየዞረ ይጮኻል፦ «መምህር ይመር ዛሬም ኖሩ! ቀብር የለም! ዕድርተኛ ሁሉ ውጣና አልቅስ!»

ወደ ግቢያቸው ሮጡ። ድንኳኑ የተተከለው እሳቸው በር ላይ ነው። ውስጡ ሰው ጢም ብሎ ንፍሮ ይቆረጥማል። ፊታቸውን እያዩ ሲያልፉ ሁሉንም አወቋቸው፤ በየቀብራቸው ቆመው አፈር ያለበሷቸው ሰዎች ናቸው። የሰፈሩ አናጢ አለ፤ በወሊድ የሞተችው የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ አለች። የትምህርት ቤቱ የድሮ ዘበኛ ጋሽ ሰይድ ደግሞ ከድንኳኑ አፍ ላይ ተቀምጠው መጪውን ይቀበላሉ።

«የማን ለቅሶ ነው ጋሽ ሰይድ?»

«ያንተ ነዋ ልጄ። ዛሬም እኮ ኖርክ። አላህ ሶብሩን ይስጥህ።» እጃቸውን ያዙላቸው። «አይዞህ። ሁላችንም ኖረን አይተነዋል። ያልፋል።»

«ሰው ሁሉ ኗሪ ነው» አለ አናጢው፣ ራሱን እየነቀነቀ። «በተለይ ብቻውን የኖረ ያሳዝናል።»

ከኋላ፣ ከምሰሶው ሥር፣ ዙሪያሽ ተቀምጣለች። ጥቁር ለብሳለች፤ ፀጉሯን ተላጭታለች። ለእሳቸው ነው የተላጨችው። መምህር ይመር ለእሷ ጢማቸውን እንኳ ያሳደጉት ለአርባ ቀን ብቻ መሆኑ ትዝ አላቸውና አፈሩ። ቀስ ብለው አጠገቧ ተቀመጡ። ሽታዋ አልተለወጠም፤ የልብስ ሳሙናና የሎሚ ልጣጭ።

«እንዴት ነህ ይመር?» አለች።

በአምስት ዓመት ውስጥ ሊነግሯት ያጠራቀሙት ብዙ ነበር። የድሮውን ቤት መልቀቃቸውን፤ ጉልበታቸው ደረጃ አላስወጣ ማለቱን፤ እሑድ እሑድ የሰው ድምፅ ቤት ውስጥ እንዲኖር ብለው ሬዲዮ ከፍተው ሳይሰሙት እንደሚውሉ፤ ሐኪም ቤት ውስጥ የመጨረሻዋ ቀን «ትንሽ ቁጭ በል» ስትላቸው የፈተና ወረቀት አለብኝ ብለው መሄዳቸውን። ከሁሉ በፊት ይኼንን ሊነግሯት ነበር። አፋቸውን ከፈቱ።

«አዝ ዩዥዋል» አሉ።

ጋሽ ሰይድ ብድግ አሉ። «በሉ፣ ተጽናንቷል። እንነሣ።» ሙታኑ ንፍሯቸውን ከጭናቸው እያራገፉ ተነሡ። አግዳሚ ወንበሩ ይነባበር ጀመር።

ዙሪያሽም ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች። «ደህና ከሆንክማ ምን አስቀመጠኝ» አለች። ቂም የለባትም፤ ያው እንደ ማንኛውም ለቅሶ ደራሽ ናት። ይኼ ነው ይበልጥ ያስፈራቸው።

«አትሂጂ» ሊሉ ጮኹ። «አዝ ዩዥዋል!» ሆኖ ወጣ። «ዋሽቼሻለሁ፣ ደህና አይደለሁም፣ ቁጭ በይ» ሊሉ ጮኹ። «አዝ ዩዥዋል! አዝ ዩዥዋል!» እሷም በጮኹ ቁጥር እጇን እያውለበለበች ትርቃለች። የድንኳኑን ካስማ የሚነቅሉት ሰዎች በመዶሻ ይመታሉ፤ ጓ! ጓ! ጓ!

ነቁ። የሚመታው በራቸው ነው።

«መምህር! በአላህ ይክፈቱ! መምህር!»

በግድግዳው ተደግፈው፣ እየተንገዳገዱ ሄደው መቀርቀሪያውን አነሡት። የመኪያ እናት በእጇ መዶሻ ይዛለች። ባይከፍቱላት ልትሰብረው ነበር። አይታቸው «ያ አላህ» አለች።

«ምን ሰዓት ነው?» አሉ። ምላሳቸው እንደ እንጨት ደርቋል።

«ምን ሰዓት ይሉኛል፤ ቅዳሜ እኮ ነው! ውሃ መጥቶ ሰው ሁሉ ሲቀዳ የእርስዎ ጀሪካን ብቻውን ቆሞ ባይ ነው ደስ ያላለኝ።»

ቅዳሜ። ሁለት ቀን ሙሉ። «ሰው አልመጣም?» አሉ፤ ለምን እንደ ጠየቁ ሳያውቁት።

«እኔው ትናንት ሾርባ ይዤ መጥቼ ነበር። አንኳኳሁ። ‹መምህር፣ ደህና ነዎት?› አልኩ። ከውስጥ ሆነው ‹አዝ ዩዥዋል!› አሉኝ። ደግሜ ብጠይቅ አሁንም እየጮኹ ያንኑ አሉኝ። ምን ላድርግ፤ ደህና ናቸው፣ ደግሞም ተቆጡ ብዬ ሾርባዬን ይዤ ተመለስኩ።»

መምህር ይመር መቃኑን ይዘው ቆሙ። ሴትዮዋ እስክትደነግጥ ድረስ ትኩር ብለው አዩዋት።

«አሁንስ? እንዴት ነዎት?» አለች፤ መዶሻውን ከጀርባዋ እየደበቀች።

ቃሉ እንደ ልማዱ ጥርሳቸው ድረስ መጣ። ዋጡት። የቆየ ዝገት እንደሚላቀቅ ነበር የሚያመው።

«አሞኛል» አሉ። «በጣም አሞኛል። አትሂጂብኝ።»

አልሄደችም። ባጃጅ አስጠርታ፣ በጋቢያቸው ጠቅልላ፣ ራሳቸውን በትከሻዋ ላይ አስደግፋ ጤና ጣቢያ አደረሰቻቸው። ደማቸው ተመርምሮ ወባ ተገኘባቸው። ይተኙ ተባለ። ካርድ የምትሞላው ሴት እስክሪብቶዋን ይዛ ወደ አልጋቸው ዞረች።

«አስታማሚ አለዎት?»

«አለኝ» አሉ። እንዲህ ብለው ሲመልሱ ድምፃቸው ለራሳቸው እንግዳ ሆነባቸው። «ይቺው፣ ጎረቤቴ ናት።»

«ስሟ?»

«የመኪያ እናት።»

«እሱ ስም አይደለም አባቴ። የራሷን ስም።»

መምህር ይመር ስሟን አያውቁትም። አራት ዓመት ግድግዳ ተጋርተዋል። ሳሏን ያውቁታል፣ የጸሎት ሰዓቷን ያውቁታል፣ ሌሊት ስታለቅስም አንድ ሁለቴ ሰምተዋታል። ወደ እሷ ዞሩ።

«ስምሽ ማን ነው?» አሏት።

ሴትዮዋ ሻሿን አስተካከለች።

«ዘምዘም» አለች በኋላ፣ ቀስ ብላ፣ ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ እንደሚፈልግ ሰው።