የእትዬ ሙኒራ ድሪ በኮሚቴ ፊት

ጌጥ ከሌላው ዕቃ ሁሉ የሚለየው ሥራ ፈት በመሆኑ ነው። ማንኪያ ካልጨለፈ፣ ጃንጥላ ካልጋረደ፣ ወንበር ካላስቀመጠ ማን ቤቱ ያኖረዋል? የአንገት ጌጥ ግን ምን ይሠራል? ተንጠልጥሎ ያብለጨልጫል፣ በቃ። እንዲያም ሆኖ ሰው ለዚህ ሥራ ፈት የሚሰጠውን ክብር ለማንኪያው ሰጥቶት አያውቅም። ይህን ሁሉም ሰው የሚያውቀው ይመስለኝ ነበር። ቦንጋ ላይ አንድ ሥዕል ለግምገማ አቀረብኩና ተሳስቼ እንደኖርኩ ተረዳሁ። ለካ ጌጥም እንደ ማንኛችንም ተልእኮ፣ ራዕይና የሥራ ድርሻ ሊኖረው ይገባል።

ያኔ የሥዕል አስተማሪ ነበርኩ። የሥዕል አስተማሪ ስላችሁ የሒሳቡ መምህር ሲታመም ሒሳብ የሚያስተምር፣ የስፖርቱ ሲቀር ፊሽካ የሚነፋ፣ በዓል ሲደርስ ደግሞ ግድግዳ ላይ መፈክር የሚጽፍ ሰው ማለቴ ነው። ዘመኑ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ “የሥራ ሂደት” የሆነበት፣ ለየሂደቱም ባለቤት የተሾመበት ጊዜ ነበር። በከተማው ባለቤት አልባ ሆነው የቀሩት የጎዳና ውሾች ብቻ ነበሩ። ከነዚህ ባለቤቶች አንዱ፣ አቶ ተካልኝ የሚባሉ፣ ቢሮአቸው አስጠሩኝ። አዲስ አዳራሽ ሊመረቅ ነው፤ እንግዶች ከበላይ ይመጣሉ፤ በመንገዱ በኩል ባለው ግንብ ላይ ትልቅ ሥዕል ይሰቀላል። ርዕሱም “ጌጣችን” ነው አሉኝ። ጌጣችን ምንድነው ብዬ ብጠይቃቸው፣ “እሱን አንተ ታመጣዋለህ” አሉ። ለሠዓሊ ከዚህ የበለጠ ነፃነት ከየት ይገኛል?

እኔም ጌጡ የት እንዳለ አውቅ ነበር። ከገበያው አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡ እትዬ ሙኒራ የሚባሉ ሴት አሉ። ከነጋዴ ባላቸው ጋር ከወሎ በሙሽርነት መጥተው፣ ባላቸውን እዚሁ ቀብረው፣ አንዲት ልጃቸውን እዚሁ አሳድገዋል። የአገሬውን ቋንቋ ካፊኖኖን ከኔ እኩል ይናገራሉ፤ በዋጋ ክርክር ጊዜ ብቻ ወደ ወሎ አማርኛቸው ይመለሳሉ። በዒድና በሠርግ ቀን የሚያደርጉት ድሪ ነበራቸው። ከእናታቸው የወረደ፣ በክር የተሰካ የብር ዶቃ ሆኖ መሐሉ ላይ እንደ ፍም የምትበራ ቀይ ድንጋይ አለችበት። እኔ በልጅነቴ ጨርቅ ልንገዛ ስንሄድ እናቴ ዋጋ ስትከራከር ያችን ድንጋይ እያየሁ ነው ያደግኩት።

ሄጄ ድሪውን እንዲያውሱኝ ለመንኳቸው። “ድሪ ወንፊት አይደለም፣ ጎረቤት ለጎረቤት የሚዋዋሰው” አሉኝ። ጨርቃቸውን ሲያጣጥፉ ቆዩና ግን፣ “እዚሁ አንገቴ ላይ አድርጌው ብቀመጥ ትሥለዋለህ?” ብለው ጠየቁኝ። ምክንያቱን ቆይተው ነገሩኝ። ልጃቸው ራሕማ ጅማ ልትዳር ነው፤ ድሪውም በወጉ ከልጅቷ ጋር ይሄዳል።

“ከእናቴ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው” አሉኝ። “ለልጄ አልሰስትም። ግን ሥዕሉ አዳራሹ ላይ ከተሰቀለ፣ ወደ መስጊድ ስሄድም ስመለስም አየዋለሁ። ፊቴን እንዳትሥል ብቻ። ድሪውን ሣልልኝ።”

ቃል ሰጠኋቸው።

ከዚያ በኋላ ከትምህርት መልስ ሱቃቸው ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጬ መሣል ሆነ ሥራዬ። እሳቸው ድሪያቸውን እንዳደረጉ ጣቃውን ይዘረጋሉ፣ ይለካሉ፣ ይቀድዳሉ። ደንበኛ ዋጋ ሲያሳንስባቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ቀይዋ ድንጋይ ትወዛወዛለች፤ እኔም እርሳሴን አንሥቼ ግብይቱ እስኪያልቅ እጠብቃለሁ። በሥራ ቀን አጊጠው ያዩዋቸው ሴቶች፣ “እትዬ ሙኒራ፣ ሊያገቡ ነው እንዴ?” ሲሏቸው፣ “አዎ፣ ከመንግሥት ጋር። ጥሎሹ አዳራሽ ነው” ይሉ ነበር።

ሥዕሉ አለቀ። ራሴን ማመስገን አልወድም፤ ሌላ የሚያመሰግነኝ ስላልነበረ ግን ልናገረው፤ ከእጄ ከወጣው ሁሉ የበለጠ ነበር። ዝናብ እንደመታው ጫካ በጠቆረ አረንጓዴ ላይ ብሩ ያበራል፤ ቀይዋ ድንጋይ ትተነፍሳለች ትላላችሁ።

አቶ ተካልኝ አይተውት “በጣም ግሩም ነው” አሉ። ቀጥለው “ግን” ሲሉ ምስጋናው ከአንገት በላይ መሆኑ ገባኝ። ከየወረዳው የተውጣጣ ኮሚቴ ሊያየው ይገባል አሉ።

ኮሚቴው ተሰበሰበ። የመጀመሪያው ጥያቄ “መልእክቱ ምንድነው?” የሚል ነበር። ድሪ ነው አልኩ። ድሪ መሆኑንማ እናያለን፣ መልእክቱ ነው የጠፋን አሉኝ። ላብ ሲያጠምቀኝ ያዩት አቶ ተካልኝ ሊያድኑኝ ብለው፣ “ዶቃዎቹ ወረዳዎቻችን ናቸው፤ ክሩ አንድነታችን ነው” አሉ። እግዜር ይስጣቸው፣ በቅን ልብ ነው ያሉት። ሥዕሉ የሞተው ግን ያን ጊዜ ነው።

ከጌሻ ወረዳ፣ ከደካ የመጡት ተወካይ ወዲያው ተነሥተው፣ “ታዲያ ጌሻ የትኛዋ ናት?” አሉ። አቶ ተካልኝ በግምት አንዷን አመለከቱ። ከቢታ ገነት የመጡት ሴት መነጽራቸውን አድርገው ሲያዩ ዶቃው ወደ ማጅራት በሄደ ቁጥር እያነሰ እንደሚሄድ አስተዋሉ። “ቢታ ምን አጥፍታ ነው ማጅራት ላይ የተቀመጠችው?” አሉ። ቀይዋ ድንጋይ ቦንጋ መሆኗ ሳይታለም የተፈታ ነው ተባለ፤ ታዲያ እሷ ብቻ ለምን ታበራለች? ስብሰባው በአማርኛ ነበር፤ በሻይ እረፍት ሐሜቱ በካፊኖኖ ሆነ። እኔ ሁለቱንም ስለምሰማ ሁለት ጊዜ ተገመገምኩ።

ዶቃዎቹ እኩል ይሁኑ ተባለ፤ እኩል አደረግኳቸው። ፊትና ማጅራት እንዳይኖር ድሪው ድፍን ክብ ይሁን ተባለ፤ አከበብኩት። በሚቀጥለው ስብሰባ አንዱ፣ ማንኪራን የመሰለ የቡና መገኛ ይዘን ቡና የሌለበት ሥዕል እንዴት እንሰቅላለን አለ። የብሩ ቀለም ቀርቶ ዶቃው ሁሉ እንደተቆላ ቡና ጠቆረ። ቀይዋ ድንጋይ ለእኩልነት ሲባል ወጣች። ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይኸው አይደል? እሷ ስትወጣ ደግሞ መሐሉ ባዶ ቀረ፤ “ይህ ባዶነት ምን ሊባል ነው?” የሚል ሥጋት ተነሣ። ባዶነት በዚያ ዘመን ጥሩ ነገር አልነበረም። መሐሉ ላይ ነጭ ክብ አድርግ፣ ማዕከል ይሁን አሉኝ። አደረግኩ። ማዕከሉ ከወረዳዎቹ ጋር ያለው ግንኙነት ላልቷል ተባለ። ከመሐል ወደ ዳር መስመር ሳብ፣ አሉ።

እዚህ ላይ መታገሥ አቃተኝ። የድሪው ባለቤት እትዬ ሙኒራ ናቸው፣ ቃል ሰጥቻቸዋለሁ፣ ይህን ቢያዩ ያዝናሉ ብዬ አስረዳሁ። አቶ ተካልኝ በትዕግሥት አዳመጡኝና፣ “እትዬ ሙኒራ የኮሚቴ አባል ናቸው?” ብለው ጠየቁኝ። አይደሉም አልኩ። እንግዲያው መስመሩን ሳብ፤ ካልቻልክ የሚስብ ሰው አናጣም አሉኝ። ሳብኩት። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል፤ ብዙ ሳሚ በቃለ ጉባኤ ተስማምቶ ሲስም የሚሆነውን ግን እስካሁን የተረተው የለም።

የምረቃው ቀን መጋረጃው ተገለጠ። የክብር እንግዳው ሥዕሉን ትኩር ብለው ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ ይህ ጎማ የዞኑ የመንገድና የትራንስፖርት ዘርፍ ወዴት እየተሽከረከረ እንዳለ ያሳያል፤ ሠዓሊው ሊመሰገን ይገባል አሉ። ጭብጨባው ቀለጠ። ከሁሉ አብልጠው ያጨበጨቡት አቶ ተካልኝ ነበሩ።

እትዬ ሙኒራ ራሕማንና ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው መጥተው ነበር። ሠርጉ ስለተቃረበ ድሪውን ለመጨረሻ ጊዜ አንገታቸው ላይ አድርገውታል። ግንቡን ከዳር እስከ ዳር ቃኝተው ወደኔ መጡ።

“የኔው የት ነው የተሰቀለው?” አሉኝ።

“ይኸው ነው፣ እትዬ። ኮሚቴው አሻሻለው።”

እንደገና አዩት። “እናቴ ይህን አንገቷ ላይ አጥልቃ ቢሆን ኖሮ እኔን ሳትወልድ በሞተች” አሉ።

ራሕማ ሳቀች፤ ጎረቤቶቹም ሳቁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ሻሻቸውን ሳብ አድርገው ድሪውን ሸፈኑና ሄዱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሥዕሉ “ጎማው” ተባለ። “ከጎማው በላይ”፣ “ከጎማው በታች” የአድራሻ መንገሪያ ሆነ። የጭነት መኪና ሾፌሮች እየገቡ ጎማ እንዲለጠፍላቸው ሲጠይቁ የሰለቸው ዘበኛ፣ “ጎሚስታ እዚህ የለም” ብሎ በካርቶን ጽፎ ከሥሩ ሰቀለ። በእውነት ከተናገርን ሥዕሉ ግልጽ መልእክት ያገኘው ያን ጊዜ ነው።

ራሕማ ተዳረች፤ ድሪው ከሷ ጋር ጅማ ገባ። እኔ በእትዬ ሙኒራ ሱቅ ደጃፍ ማለፍ ፈርቼ በጓሮ መንገድ መዞር ጀምሬ ነበር። ዙሩ ሲበዛብኝ አንድ እሑድ በእርሳስ የነደፍኩትን ወረቀትና የተረፈኝን ቀለም ይዤ ሄድኩ። የሱቁ የቆርቆሮ መዝጊያ ላይ ልሣልልዎ አልኳቸው።

“ማነው የሚገመግመው?” አሉኝ።

“እርስዎ ብቻ።”

በርጩማቸውን አውጥተው መንገዱ ማዶ ተቀመጡ። ብሩን ከወረቀቱ ላይ እያየሁ ሠራሁት፤ የድንጋይዋን ቀለም ግን ከየት አመጣዋለሁ? ቀባሁት፤ “ይሄ በርበሬ ነው” አሉ። ደግሜ ቀባሁት፤ “ይሄ ደም ነው” አሉ። ጥቁር ጠብ አድርጌ አበጃጀሁት። ዞር ስል ቆመው ነበር። መንገዱን ተሻግረው መጥተው፣ ቀለሙ እንዳይነካባቸው ጣታቸውን ከድንጋይዋ ፊት ለፊት አቆሙና፣ “እማ” አሉ፣ ቀስ ብለው።

አንድ ነገር ግን ሁለታችንም አላሰብንበትም። መዝጊያው ሲከፈት ወደ ግድግዳው ስለሚታጠፍ ሥዕሉ የሚታየው ሱቁ ሲዘጋ ብቻ ነው። በፊት ለሶላት ካልሆነ የማይዘጉ ሴት ለምሳም ይዘጉ ጀመር። ጨርቅ ፈላጊ መጥቶ ተዘግቶ ሲያገኘው፣ ሥዕሉን እያየ ቆሞ ይጠብቃቸዋል።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት እኔም እዚያው ቆሜ ሳለ አቶ ተካልኝ በዚያ ሲያልፉ ቀጥ አሉ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቀይዋን ድንጋይ ከላይም ከጎንም አዩ። መልእክቱን አልጠየቁም፤ ወረዳም አልቆጠሩም። በመጨረሻ ከልባቸው ባዘነ ድምፅ፣ “መምህር” አሉኝ፣ “እንዲህ መሣል እያወቅህ፣ ለኛ ሲሆን ለምን ጎማ ሣልክብን?”