ዴሊበሬት ነው ያሉት ሰው

እንግሊዝኛ የሚያስቸግረኝ ቃሉ ሳይሆን የቃሉ ጠባይ ነው። «ዴሊበሬት» የሚለውን ውሰዱ። መዝገበ ቃላት ብትገልጡ «ሆን ተብሎ የተደረገ» ይላችኋል፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ «ታስቦበት፣ ተመዝኖ» ይጨምርበታል። እኛ «ሆን ብሎ» ስንል ግን ክፋት ካልተከተለው አይጥመንም። ሆን ብሎ ሰደበኝ፣ ሆን ብሎ ዘጋኝ። ሆን ብሎ አዳነኝ ያለ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እስካለፈው ወር ድረስ አልሰማሁም።

ጋሽ ታደሰ በምንኖርበት የውጭ አገር ከተማ፣ ሳውዝ ሲ በሚባለው ሰፈር ጎረቤቴ ናቸው። በአሮጌ ፒክአፓቸው ለሐበሻ ምግብ ቤቶች ሽንኩርትና ቲማቲም ያመላልሳሉ። አንድ ጠዋት አብሬያቸው ተሳፍሬ ዌስትላንድስ አካባቢ ቁልቁለት ስንወርድ ፍሬኑ እምቢ አለ። ፊት ለፊታችን አንዲት ነፍሰ ጡር ማንጎ ሻጭ መንገድ እያቋረጠች ነው። እኔ ጮኽኩ። ጋሽ ታደሰ ግን መሪውን ጠምዝዘው ከአንድ ግቢ የድንጋይ አጥር ጋር ተላተሙ። አጥሩ ተናደ፤ እኛ በጭረት ተረፍን፤ ሴትየዋ ማንጎዋን እንደታቀፈች ደርቃ ቀረች።

የግቢው ባለቤት አሮጊት ናቸው። ከፎቅ መስኮታቸው መኪናውን ብቻ አይተው ኖሮ፣ «መሪውን ወደ አጥሬ ሲያዞር በዓይኔ አይቻለሁ» ብለው ፖሊስ ጣቢያ ከሰሱ።

«ዴሊበሬት ነው ወይስ አክሲደንት?» አለ ፖሊሱ። ምስክሩም አስተርጓሚውም እኔ ነኝ።

«ጋሽዬ፣ አደጋ ነው ይበሉ» አልኳቸው በአማርኛ። «ሆን ብዬ ነው ካሉ ያስሩዎታል።»

«ፍሬኑ አደጋ ነው። አጥሩን ግን ሆን ብዬ ነው የመታሁት። እንደዚያው ንገርልኝ።»

«ኧረ ጋሽዬ!»

«አጥር ተመልሶ ይሠራል። እሷንስ ማን ይሠራታል? ንገር!»

ቃል በቃል ተረጎምኩ። ፖሊሱ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«የትኛዋ ሴት?» አሉ እዚያው የነበሩት አሮጊቷ።

ነገርኳቸው። ጋሽ ታደሰን ትክ ብለው አዩአቸው፤ ከዚያ ክሱን ተዉት።

አሁን ጋሽ ታደሰ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ግቢ ድንጋይ ይደረድራሉ። ማንም አላስገደዳቸውም። አሮጊቷ ወንበር አስወጥተው አጠገባቸው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ያወራል፣ ሌላው ይስቃል። አንዳቸው የሌላውን ቋንቋ አያውቁም። እኔን አስተርጓሚውን ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠሩኝም።