ፀሐይን ያላማከረ ዕቅድ

ታላላቅ ሰዎች አገራቸውን ከስሕተት ለማውጣት የሚነሡት አብዛኛውን ጊዜ ቁርሳቸውን ከበሉ በኋላ ነው። ኤቫሪስቶ ግን ከዚህ ደንብ ከፍ ያለ ሰው ስለነበረ፣ በሐምሌ አጋማሽ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቡና እንኳ ሳይቀምስ ኮርዶባን ለማዳን ተነሣ። የዚያ አገር ሐምሌ ዝናብን በስምም አያውቀውም። ድንጋዩ ያተኩሳል፤ ውሻውም አንዴ ጥላ ከያዘ ለጌታው አይነሣም።

ኤቫሪስቶ የዚያው የኮርዶባ ልጅ ነው። ከወንዙ ማዶ ተወልዶ፣ በወጣትነቱ ስዊድን ሄዶ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የጊዜ አጠቃቀም የሚባለውን ጥበብ ተምሮና አስተምሮ ተመልሷል። አክስቱ ሲሞቱ ያወረሱት ቤት ውስጥ ከባለቤቱ ከአማያ ጋር ከገባ ገና አምስተኛ ቀኑ ነው። አማያ የሰሜን ስፔን ሴት ናት፤ ዝናብ እንደ ቤተ ዘመድ ሳይጠራ ከሚመጣበት ከቢልባኦ። ስዊድን ያለው መሥሪያ ቤቷ ቦታዋን እስከ ሰኞ ብቻ ይዞላታል። ዓርብ ዕለት ቁርጡን ነገረችው።

«አሥራ አንድ ዓመት ስትዘምርላት የኖርካትን ከተማ እስቲ አንድ ቀን አሳየኝ። ነገ ማታ እነግርሃለሁ። ከወደድኳት እንኖራለን። ካልወደድኳት ቤቱን ሸጠን እንመለሳለን። አለቀ።»

ሌላ ሰው ቢሆን በእንዲህ ያለ ቀን ሚስቱን ጥላ ሥር አስቀምጦ ቀዝቃዛ ነገር ያስቀርብላት ነበር። ኤቫሪስቶ ግን የተማረ ሰው ስለሆነ ዕቅድ አወጣ። ዕቅዱ በወፍራም ወረቀት የታተመ ሲሆን ዓላማ፣ ዝርዝር ተግባራትና የሚጠበቁ ውጤቶች ነበሩት። ከዝርዝሩም ውስጥ «ምሳ፦ ከቀኑ ስድስት ሰዓት። የቀትር እንቅልፍ፦ የለም። እራት፦ አሥራ ሁለት ሰዓት» የሚሉት በደማቅ ቀለም ተጽፈዋል። እሱ እንደሚያምነው የኮርዶባ ችግር ሁሉ ምንጩ ሕዝቡ በዘጠኝ ሰዓት መተኛቱ ነው። ሙቀትም ቢሆን የአመለካከት ችግር እንጂ የአየር ጠባይ አይደለም።

ከደጅ ሲወጡ ጎረቤታቸው ዶኛ ፑራ በራቸው ላይ ውሃ እየረጩ ነበር። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸውን በሙሉ በኮርዶባ የኖሩ፣ ወደዚያች ጠባብ መንገድ ግን ኤቫሪስቶ ስዊድን ከሄደ በኋላ የገቡ ባልቴት ናቸው።

«ወዴት ነው ልጆቼ?»

«ከተማውን ልናይ ነው፤» አለ ኤቫሪስቶ። «እስከ ማታ አሥራ አራት ቦታ እንጎበኛለን።»

«ዛሬ?»

«ዛሬ።»

«በእግር?»

«በእግር ነው እንጂ! በሰሜን አገር እኮ ዶኛ ፑራ፣ ሰው በሥራ ሰዓት በሩን ዘግቶ አይተኛም።»

«እዚያማ ፀሐይዋ ራሷ ተኝታ ትውላለች አሉ፤» አሉና ወደ አማያ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ባርኔጣ አድርጊ። እሱስ መንገዱን ያውቀዋል?»

«ያውቀዋል ይላል፤» አለች አማያ።

የኮርዶባ ሰው የቃሉን ጫፍ ውጦ ነው የሚናገረው። ዶኛ ፑራ እያንዳንዱን ቃል እስከ መጨረሻ ፊደሉ ድረስ የሚጠራውን ይህን ሰው፣ አዘኑለት ወይም አደነቁት በማይባል ፊት አዩትና ባልዲያቸውን አነሡ። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚባለውን ሥራ ለፀሐይ ትተው ገቡ።

ጥንት መስጊድ ለነበረው ለታላቁ ካቴድራል ዕቅዱ ሃያ አምስት ደቂቃ መድቦለታል። ምሰሶዎቹ ከስምንት መቶ በላይ ናቸው፤ ኤቫሪስቶ ሲያሰላው ለአንዱ ሁለት ሰከንድ እንኳ ስላልደረሰው ሩጫ በሚመስል እርምጃ አለፋቸው። አማያ ግን ግቢው ውስጥ ከብርቱካኑ ዛፍ ሥር፣ ውሃ የሚንጠባጠብበት አጠገብ፣ ቁጭ አለች።

«እንዴት ደስ ይላል! ትንሽ እንቆይ እዚህ።»

«ዕረፍት ገና ከሃያ ደቂቃ በኋላ ነው። እሱም የደወሉ ግንብ አናት ላይ ነው።»

«ግንቡ አናት ላይ ጥላ አለ?»

«ታሪክ አለ።»

ተነሣች። የተነሣችው ታሪክ ስለወደደች አይደለም፤ አንድ ቀን ብላ ቃል ስለገባች ነው።

ልክ በስድስት ሰዓት ከግንቡ ወርደው አንድ ምግብ ቤት ገቡ። ፎጣውን ትከሻው ላይ የጣለ ወፍራም አስተናጋጅ ወንበር እያስተካከለ ነበር።

«ምሳ ለሁለት ሰው፤» አለ ኤቫሪስቶ።

አስተናጋጁ የግድግዳውን ሰዓት አየ፤ ኤቫሪስቶን አየ፤ እንደገና ሰዓቱን አየ።

«የዛሬ ነው የነገ?»

«የዛሬ። አሁን።»

«ወንድሜ፣ ምድጃው እንኳ አልተለኮሰም። ስምንት ሰዓት ላይ ብቅ በሉ፤ የበሬ ጭራ ወጥ ይደርሳል። እስከዚያ የተጠበሰ ዳቦ በዘይትና በቲማቲም ላምጣላችሁ?»

«እሱ ቁርስ ነው።»

«እሱ ዳቦ ነው፤» አለ አስተናጋጁ።

ኤቫሪስቶ መርህ ያለው ሰው ነውና ቁርስን በምሳ ስም አልበላም አለ። መርህ የሌላት አማያ የራሷንም የእሱንም በላች።

በስምንት ሰዓት ተኩል ከተማው በሙሉ ማዕድ ቀረበ። ከየመስኮቱ የነጭ ሽንኩርት ሽታና የሹካ ድምፅ ይወጣ ነበር። ኤቫሪስቶ ያን ጊዜ በአንቀጽ ሰባት መሠረት የጥንቱን ቅጥር እየዞረ፣ ሚስቱ ከኋላው በየጥላው እየቆመች፣ ስለ ድንጋዩ ዕድሜ ያስረዳል። ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ሲሆን ሙዚየሙ በር ደረሱ። ዘበኛው መዝጊያውን እየቆለፈ ነው።

«አምስት ደቂቃ እኮ ነው ያለፈው!» አለ ኤቫሪስቶ።

«በጋ ነው ጌታዬ። በዘጠኝ እንዘጋለን።»

«ታዲያ ሕዝቡ በስንት ሰዓት ይጎብኝ?»

ዘበኛው ጭር ያለውን መንገድ ግራና ቀኝ ተመለከተ። «የቱ ሕዝብ?»

ማዶ ካለው መድኃኒት ቤት በላይ ያለው የሙቀት መለኪያ መብራት አርባ አምስት ዲግሪ ይላል።

«አርባ አምስት፤» አለች አማያ።

«ፀሐይ ላይ ስላስቀመጡት ነው።»

«እኛስ የት የተቀመጥን መሰለህ?»

«አማያ፣ ስድስት ቦታ ብቻ ነው የቀረን። አሁን ካቆምን ዕቅዱ ስልሳ በመቶ እንኳ አይሞላም።»

«እኔ ወደ ቤት ነኝ።»

«ውሳኔሽስ?»

«ማታ ብዬሃለሁ፤ ማታ ነው።»

ግድግዳ ግድግዳውን፣ ጥላ ጥላውን ይዛ ሄደች። ኤቫሪስቶ የአክስቱ ቤት ከእጁ ሲወጣ ታየው። በልጅነቱ የወጣበት የበለስ ዛፍ፣ ጀርባውን አስጠግቶ የሚቀመጥበት ቀዝቃዛ የሸክላ ግድግዳ፣ ሁሉም «ይሸጣል» የሚል ወረቀት ተለጥፎባቸው ታዩት። ተከትሏት ቢሄድ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ነገር ግን ብልህ መሪ ሲደናገጥ ዕቅዱን አይለውጥም፤ ፍጥነቱን ይጨምራል። የቀሩትን ብቻውን ጎብኝቶ፣ ማታ የተሟላ ሪፖርት ሊያቀርብላት ወሰነ።

አሥር ሰዓት ላይ የሮማውያኑ ድልድይ መሐል ቆሞ ነበር። እዚያ ለቆመው የመልአክ ሐውልት የተተከሉት ሻማዎች ማንም ሳያበራቸው ከወገባቸው ታጥፈው ለሙቀቱ እጅ ሰጥተዋል። ከድልድዩ ጫፍ አንዲት ነጭ ጃንጥላ የያዘች አስጎብኚ የውጭ አገር ሽማግሌዎች አሰልፋ መጣች። መሐል ሲደርሱ ሰው እንዳይጠፋባት በጣቷ ቆጠረች፤ ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ ሁለት። ፊቱ እንደ በርበሬ የቀላው ኤቫሪስቶ ላይ ስትደርስ «ሠላሳ ሦስት» አለችና አንድ ጠርሙስ ውሃ በእጁ አስያዘችው።

«ከቡድኑ አይለዩ እሺ?» አለችው በባዕድ ቋንቋ፣ ለሕፃን እንደሚነገር ቀስ ብላ።

አፉን ሊያርማት ከፈተው። ግን ውሃው ቀዝቃዛ ነበር፤ እውነት ደግሞ ጥቂት ብትዘገይ አትበላሽም። ጠጣው። እስከ ድልድዩ ማዶም ከቡድኑ አልተለየም።

ዕቅዱ «እራት» በሚልበት በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ ምግብ ቤቶቹ ሁሉ ወንበራቸውን ጠረጴዛ ላይ ገልብጠው ነበር። ካቴድራሉ ጀርባ አንድ ብቻ ክፍት ቤት አገኘ። አስተናጋጁ ምንም ሳይጠይቀው ፎቶግራፍ ያለው የምግብ ዝርዝር ዘረጋለት። ከየፎቶግራፉ ሥር የአራት አገር ባንዲራ አለ።

«ይቅርታ፤» አለ ኤቫሪስቶ ቆጣ ብሎ፣ «እኔ የኮርዶባ ልጅ ነኝ!»

አስተናጋጁ በትሕትና ፈገግ አለ። «የኮርዶባ ልጅ እኮ በዚህ ሰዓት እራት አይጠይቅም ጌታዬ።»

ኤቫሪስቶ ተቀይሞ ወጣ። በቀትሩ መርህ ዳቦ አጥቶ ነበር፤ በአሁኑ ደግሞ ወንበር። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ይባላል። በሬው አሥራ አንድ ዓመት ሌላ ሜዳ ላይ ከከረመ ግን ሰርዶውም ቀንዱን አይለየውም።

ፀሐይ ወደ መጥለቁ ስትል እግሩን እየጎተተ ሰፈሩ ደረሰ። ጠዋት ባዶ የነበረችው መንገድ በወንበር ተሞልታለች። ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ወጥቶ ያወራል፤ ማራገቢያው ይርገበገባል። አማያ ከዶኛ ፑራ ጎን ተቀምጣ፣ ፊቷ ጥርት ብሎ፣ ከት ብላ ትስቃለች። ኤቫሪስቶ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አማያ፣ ዛሬ የታዩትን የአፈጻጸም ጉድለቶች በተመለከተ...»

«ቁጭ በል መጀመሪያ።»

«አውቃለሁ። ሰኞ ለመሥሪያ ቤትሽ ትጽፊያለሽ።»

«እጽፋለሁ። አልመጣም ብዬ።»

«ምን?»

«እንቀራለን።»

ኤቫሪስቶ ደስ ብሎት ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ሆኖም የተማረ ሰው ደስታን ያለ ማስረጃ አይቀበልም።

«ምን አይተሽ? ሙዚየሙን አላየሽ፣ ድልድዩን አልረገጥሽ...»

«ዶኛ ፑራ በራቸው ላይ ያዙኝ። የቲማቲምና የዳቦ ቀዝቃዛ ሾርባ አበሉኝ። መስኮቱን ዘጉ፣ ወለሉን ውሃ ረጩ፣ ተኛሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ተነሣሁ። አሁን ደግሞ ቀስ ብለን እራት ልንበላ ነው።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው። አሥራ አንድ ዓመት ስትዘምር ይሄን አንድ ቀን እንኳ አላነሣህልኝም።»

ኤቫሪስቶ ዕቅዱን አውጥቶ ፈለገ፤ እንዲህ ያለ አንቀጽ አልነበረበትም። ዶኛ ፑራ ሾርባ የሞላ ሳህን ጭኑ ላይ አስቀመጡለት፤ ወፍራሙን ወረቀትም ከእጁ ወስደው ፊቱንም ጀርባውንም ገልብጠው አዩና ያራግቡበት ጀመር። ያ ዕቅድ ከወጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተግባራዊ ሆነ። ውጤቱም አጥጋቢ ነበር፤ ነፋሱ ለሦስት ሰው ደረሰ።

ኤቫሪስቶ አንገቱን ደፍቶ በላ። ሳህኑ ሲያልቅ ሌላ ተጨመረለት። ዶኛ ፑራ ይህን በርኅራኄ ሲመለከቱ ቆዩና፣ ወደ አማያ ጆሮ ጠጋ ብለው፣ ጆሮ የከበዳቸው ባልቴቶች መንገዱ በሙሉ በሚሰማው ሹክሹክታ እንዲህ አሉ፤

«ደህና ሰው ነው ባልሽ። ቋንቋችንንም ጥሩ አድርጎ ተምሮታል። የየት አገር ሰው ነው?»

አማያ ማንኪያውን እንደያዘ ወደደረቀው ባሏ ዞራ አየችው።

«ገና አልወሰነም፤» አለች።