ዝተት የለበሰችው መኪና

ጫጫታ ለጭንቀታም ሰው መድኃኒት ነው ብል የሚያምነኝ አይኖርም። እውነቱ ግን ይኸው ነው። የተጨነቀን ሰው ሁሉም ጸጥ ያለ ቦታ ፈልግ ይለዋል። ምን ሊያደርግበት? በጸጥታ ውስጥ እኮ ጭንቀት ወንበር ስቦ ነው የሚቀመጠው። እኔ ይህን ያወቅሁት መኪናዬን ጸጥ አሰኛለሁ ብዬ ገና ያልያዝኩትን ትዳር ላፈርስ ጥቂት በቀረኝ ሰሞን ነው።

ስለ መኪናዋ ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ይኖር የነበረ አጎቴ ትቶልኝ ያለፈ፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ አፍንጫዋ ረዥም፣ ቁመቷ አጭር የሆነ የድሮ ስፖርት መኪና ናት። የተሠራችው ለአስፋልት ነበር፤ ዕጣዋ ሆኖ ግን ዘመሮ ላይ ከአንድ ልብስ ሰፊ እጅ ወደቀች። ልብስ ሰፊው እኔ ነኝ። በመንዝ የጠጠር መንገድ ሆዷ መሬት እየላሰ ስትሄድ ያያት ሁሉ ያዝንላታል፤ ማዘን የሚገባው ግን ለተሳፋሪው ነበር። ሙቀትና ድምፅ እንዲከላከል ከምንጣፏ ሥር የተነጠፈው ነገር ከእርጅና ብዛት ዱቄት ሆኗል። የሞተሩ ትኩሳት ላሜራውን አልፎ የጫማ ሶል ያለሰልሳል። ድምፁማ አይነሣ! አጠገባችሁ ለተቀመጠው ሰው እንደምን አደርክ ለማለት መኪና ማቆም ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ሽማግሌ መላክ እስኪያስፈልገኝ ድረስ ግድ አልሰጠኝም ነበር። ልቤ የወደዳት ፀዳለ የቀየት መንደር ልጅ ናት፤ አባቷ መሪጌታ ክንፈ ደግሞ የዜማ መምህር ናቸው። የሚያስተምሩበት ቤት መንገድ ዳር ነው። ፀዳለ በስልክ እንደነገረችኝ፣ የእኔ መኪና በዚያ ባለፈች ቁጥር መሪጌታ ትምህርቱን ያቆማሉ፤ ካለፈች በኋላም ተማሪዎቹ የቱ ጋ እንደነበሩ ይጠፋቸዋል። ባለ መኪናው ማን እንደሆነ ባያውቁም ይወቅሱታል። እባክህ፣ አለችኝ፣ ሽማግሌዎችህ በጸጥታ ይምጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር ከዓይኔ ራቀ።

በአውቶቡስ ቢሄዱስ አትሉኝም? እኔም ብዬ ነበር። የጎረቤቴ አናጢ አያ ጌታነህ ግን፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ናቸው፣ አግቢው መኪና እያለው ሽማግሌ ተጋፍቶ ሲሄድ ምን ይባላል ብለው ተቆጡ። አግቢ ከሽማግሌ ጋር እንደማይሄድም እናውቃለን፤ ይሁንና መኪናዋ ከእኔ በቀር ለማንም ማርሽ አታስገባም። ስለዚህ በዚያ ቀን እኔ ሾፌር እንጂ አግቢ እንዳልሆንኩ፣ ከውጭ ቆይቼም ውሳኔውን እንድጠባበቅ ተስማማን። የንስሐ አባቴ መምሬ ታደሰም ይህን ባረኩልን። ሦስተኛው ሽማግሌ እዚያው ቀየት ነዋሪ ስለሆነ በር ላይ ይጠብቀናል።

ለልብስ ሰፊ ይህ ምን ከባድ ነገር አለው? ወንበሮቹን ነቀልኩ፣ ምንጣፉን ገፈፍኩ፣ የደረቀውን አሮጌ ማጣበቂያ በቢላ ፋቅሁ፣ የዛገውን ቦታ ቀለም ቀባሁ። ሞተሩንና እግራችንን በሚለየው ግድግዳ ላይ ሙቀት የሚመልስ ብርማ ሽፋን ለጠፍኩ። ከዚያ በላይስ? አዲስ አበባ ያለ ባለሙያ ስፖንጅ ይላል። የመንዝ ሰው ግን ዝተት እያለው ስፖንጅ ይገዛል? የበጎቻችን ፀጉር ተፈትሎና ተሸምኖ የሚወጣው ያ ወፍራም ብርድ ልብስ የጓሳን ውርጭ መልሶ የለም እንዴ? መኪናዋን እንደ ደንበኛ በሜትር ለካኋት። ወለሏን፣ በሮቿን፣ ጣራዋን ሳይቀር ልክ በልክ ቆርጬ በማስቲሽ አለበስኳት። ሲያበቃ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ሞተሩን አስነሣሁ። የተነሣ ስላልመሰለኝ ደግሜ ቁልፉን ላዞር ስል ነው በዳሽቦርዱ ላይ መርፌው ሲንቀጠቀጥ ያየሁት። ከደስታዬ ብዛት መሪዋን ሳምኩ።

ሽማግሌዎቹን አሳፍሬ ጉዞ ስንጀምር ግን ደስታው አብሮኝ አልመጣም። ጸጥታው አስፈራኝ። መምሬ ከጎኔ ሆነው የሚደግሙት ውዳሴ ማርያም ቃል በቃል ይሰማል። የልቤ ምት ይሰማል። ከወደ ኋላ ደግሞ ጭርቅ ጭርቅ የሚል ነገር አለ። ይህ ድምፅ ድሮም ነበር? ፍሬኑ ይሆን? ፍሬን ከሌለንስ ቁልቁለቱን እንዴት ልንወርድ ነው? በዚህ ላይ አያ ጌታነህ በድሮው ልማድ የማልሰማ መስሏቸው ከኋላ ወንበር ወደ መምሬ ጠጋ አሉና፣ ልጁስ ደህና ልጅ ነው፣ ፍርሃቱ ግን ለትዳር ይበዛል አሏቸው። ሰማኋቸው። መምሬም ውዳሴያቸውን ቀጠሉ።

መንገዱም እንግዳ ሆነብኝ። በጎች ገና ከሩቅ ይበታተናሉ። ውሾች አፋቸውን ከፍተው ይከተሉናል፤ ሲጮሁ ግን አይሰማም። መንገደኛው ሁሉ ጆሮውን በጋቢው ይሸፍናል። ብርዱ ዛሬ በረታ አልኩ። ሞተሩ ስለማይሰማኝ ነዳጅ ያነሰው መስሎኝ እግሬን ጠበቅ አድርጌ ረገጥኩ።

ቀየት ስንደርስ መሪጌታ ክንፈ ከነተማሪዎቻቸው አጥሩ ጋ ቆመዋል። እንዴት ያለ አቀባበል ነው! ሽማግሌዎቹ ወርደው ገቡ። እኔ ከቅጥሩ ውጭ መኪናዋ ውስጥ ቀረሁ፤ ንፋሱ ስለሚጋረፍ መስኮቱን ዘጋሁ። ነገሩ ከሰመረ ሴቶቹ እልል ይላሉ፤ እልልታ ካልሰማሁ አልተሳካም ማለት ነው።

ጠበቅሁ። ምንም የለም። መምሬ ምን ብለው ጀመሩ? አያ ጌታነህ ያንን የፍርሃቴን ነገር እዚያም አነሡት ይሆን? ጠበቅሁ። በመጨረሻ አንዲት ሴት ከደጁ ብቅ አለች፤ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ደንግጣ ነው! ሌላዋም ተከትላ ወጣች፤ እሷም እጇ አፏ ላይ ነው። እንግዲህ ምን ቀረ? የተባለው ነገር ሴቶቹን ይህን ያህል ካስደነገጠ እኔን የሚጠብቀኝ ምን ሊሆን ነው? አልቅሼ ነበር፣ አልዋሽም። ሽማግሌዎቼን እዚያው ትቼ ሞተሩን አስነሣሁና በረርኩ።

ከጋራው ጫፍ ኔትወርክ ሲገኝ ስልኬ ጠራ። አያ ጌታነህ ናቸው። አንተ ልጅ ምን ነካህ አሉኝ። አልተሳካም ብዬ ነው አልኳቸው። መሪጌታ ቃላቸውን ሰጥተው፣ ሴቶቹ እልልታውን እያቀለጡት ሳለ አንተ መሬት አናውጠህ ሸሸህ፤ እኛም ሙሽራው ሀሳቡን ለወጠ ወይ እየተባልን እዚህ አንገታችንን ደፍተናል አሉኝ። የምን መሬት ማናወጥ? መኪናዋ እኮ ጸጥ ብላለች ብዬ ተከራከርኩ። ለማን ነው ጸጥ ያለችው ብለው ዘጉብኝ።

ሞተሩ እንደተነሣ በሩን ከፈትኩ። ያን ጊዜ ሰማሁት። የጭስ ማውጫው እንደ ድሮው ያገሳል፤ እንዲያውም ብሷል። እኔ ያለበስኩት ውስጧን ብቻ ነው። በሩን ስዘጋ የእኔ ድምፅ ወደ አገሩ ሁሉ ይሄዳል፤ የአገሩ ድምፅ ግን ወደ እኔ አይመጣም።

ተመልሼ በመሪጌታ ጉልበት ላይ ወደቅሁና የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። እሳቸው አነሡኝና መኪናዋ ውስጥ ገብተው በሩን ዘጉ፤ ውጭ ያሉት ሴቶች እንዲናገሩ በእጃቸው ጠቆሙ፤ ጥቂት አዳምጠው ወጡ። ዝተቱ ግሩም ነው አሉ። ልጄን ሰጥቻለሁ፣ ቃሌንም አላጥፍም፤ ነገር ግን ድሮ ስታውከን አንተም አብረኸን ትሰማ ነበር፣ አሁን ሁሉንም ለእኛ ብቻ ተውከው፤ ስለዚህ ከሠርጉ በፊት ይህን ነቅለህ ታወጣለህ አሉኝ። እሺ አባቴ አልኩ፤ እንኳን ዝተቱን ሞተሩንም ንቀል ቢሉኝ በዚያ ሰዓት እሺ ነበር የምለው።

ልሄድ ስል ግን ጠሩኝ። የነቀልከውን እንዳትጥለው፣ አምጣና በመንገዱ በኩል ያለውን መስኮታችንን እንሸፍንበታለን፤ አማች ከሆንክ እንግዲህ መምጣትህ አይቀርም አሉኝ።