የሙክቱ ሞራ

ሰው ጠንቋይ ቤት የሚሄደው የማያውቀውን ሊሰማ ነው ይላሉ። አይምሰላችሁ! የሚያውቀውን ሊናገር ነው የሚሄደው። ብልህ ጠንቋይ ጆሮውን ከፍቶ ይቀመጣል፤ ከዚያ እናንተው የነገራችሁትን ትንሽ ጨው ነስንሶ መልሶ ያጎርሳችኋል። እናንተም «እንዴት አወቀ!» እያላችሁ ትወጣላችሁ።

በደርግ ጊዜ ደባርቅ ሳስተምር፣ ከከተማው ጥግ አያ ተሰማ የሚባሉ ሞራ አንባቢ ነበሩ። የታረደ በግ ሞራ ወደ ብርሃን ዘርግተው የባለቤቱን ዕድል የሚናገሩ፣ ዝምታ የሚያበዙ ሽማግሌ። አገራቸውን ሲጠየቁ «ከወዲያ ማዶ» ይላሉ፤ ስሜን ውስጥ ደግሞ ማዶ ሞልቷል። ጥንቆላ «ኋላ ቀር ልማድ» ተብሎ ተከልክሏል። ቢሆንም የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ራሱ እሳቸውን ሳያስጠራ ቢላ አያነሳም ነበር።

እናላችሁ፣ ለበዓል ሲቀለብ የከረመው የማኅበሩ የበግ ሙክት ጠፋ። ጠባቂው ጥጋቡ ታሰረ። ምስክር የለው፣ ዘመድ የለው፤ «የሰፊውን ሕዝብ ሙክት በልቷል» ተብሎ በማግስቱ ወደ ጎንደር ሊወርድ ነው። በዚያ ዘመን እንዲህ ተብሎ ስለወረደ ሰው መመለስ ማንም አይወራረድም። እናቱ የማኅበሩ በር ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች።

የዚያኑ ዕለት፣ ጥጋቡን ያሳሰረው የማኅበሩ ንብረት ያዥ ልጁን ክርስትና አስነስቶ ጠራን። በግ ታርዷል። ሰውዬው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አያ ተሰማን አስጠራ! አገሩ ነዋ፤ የሰባ በግ ሞራው ሳይነበብ ጉሮሮ አይወርድም፣ ለሌባም ቢሆን።

አያ ተሰማ ሞራውን ዘርግተው ብዙ አዩ።

«በጉን ከየት ገዛኸው፣ ልጄ?»

«ከቆላ፣ ከዛሪማ ገበያ።»

«በመኪና አመጣኸው ወይስ በእግሩ?»

ንብረት ያዡ አሰበ። በመኪና ቢል ሾፌሩ ማነው ሊባል ነው። «በእግሩ።»

«ቃልህን አጽና።»

«በእግሩ ነው አልኩዎት እኮ!»

«የሊማሊሞን ዳገት በእግሩ የወጣ በግ ይህን ያህል ሞራ ይዞ አይደርስም። አጥርህ ላይ የተሰጣው ቆዳም የደጋ በግ ጠጉር ነው፤ የቆላ በግ ይህን ሁሉ ጠጉር ምን ያደርግለታል?» ጋቢያቸውን አደላድለው ቀና አሉ። «ሌላ መከላከያ አለህ?»

ንብረት ያዡ የማኅበሩን ሙክት መውሰዱን አምኖ እንባውን አፈሰሰ።

እኛ ግን የደነገጥነው በሱ አልነበረም። «መከላከያ አለህ?» የሚል ጠንቋይ የት ታውቃላችሁ? ሊቀመንበሩ በጃንሆይ ጊዜ በርስት ክርክር ችሎት ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው፤ ያችን ድምፅ ያውቃታል። የድሮ ዳኛ! ያን ጊዜ የጃንሆይ ዳኛ ሆኖ መገኘት ሙክት ከመስረቅ የከፋ ወንጀል ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ አያ ተሰማም ያመለጣቸው ገብቷቸው ሞራውን ቀስ አድርገው አስቀመጡት።

ጥጋቡ ተፈታ። በማግስቱ ግን ከአውራጃ የመጣ ካድሬ ስብሰባ ጠርቶ፣ «ይህን ነገር ያጣራው ሰው ማነው? ምርመራ የት ተማረ?» አለ።

የጥጋቡ እናት አፏን በእጇ ያዘች። ሊቀመንበሩ ብድግ አለ። «ጠንቋይ ነው፣ ጓድ! ኋላ ቀር፣ ፊደል ያልቆጠረ ጠንቋይ!»

ይህን ያህል በፍቅር የተሰደበ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።

ካድሬው ግለ ሂስ አዘዘ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲያስምሉ የኖሩት ሽማግሌ ተነስተው፣ «ጠንቋይ ነኝ። ሞራው ነው የነገረኝ» አሉ። ጉባኤው ሁሉ እያወቀ አጨበጨበ። ሊቀመንበሩም እያጨበጨበ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለ፤ አጠገባቸው ነበርኩና ሰማሁት።

«እሑድ በግ አርዳለሁ፤ እንዳይቀሩ።»