ያልተጣሉትን ማስታረቅ

ዓመቱ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ነው። ወሩ መጋቢት ነው። ጠዋት ፀሐዩ ከረር ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ደመና ይሰበሰብና ሳይዘንብ ይበተናል።

ስሜ ተሰማ ነው፤ ብዙ የምናገር ሰው አይደለሁም። ከአራተኛ ክፍል ትምህርቴን ትቼ እርሻ የገባሁ የምንጃር ገበሬ ነኝ። ጤፍ ሲዘራም ሲታጨድም ወሬ አይፈልግም። ቃልን እንደ ጨው ነው የማየው፤ ጥቂቱ ይበቃል፣ ሲበዛ ወጡ ይደፋል። ቦሌ አካባቢ አንድ ቀን ከዋላችሁ ግን ጨው እንዴት እንደሚበተን ታያላችሁ። ወጣቱ በአማርኛ ይጀምርና በእንግሊዝኛ ይጨርሳል፤ የሚሰማው ሰው በየት በኩል እንደሚይዘው ግራ ይገባዋል። ሁሉንም ነገር ደግሞ «አድርግ» ይሉታል። ፒክ አፕ አድርገኝ። ካልም ዳውን አድርጊ። ቼክ አውት አድርገው። በእኔ ዘመን ማድረግ ማለት ሥራ ነበር።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ከተማ የመጣሁት ጥርሴን ለማስነቀል ነው። ያረፍኩት ልጄ ትዕግስት ዘንድ ነው፤ ጉርድ ሾላ፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ትዕግስት የመጀመሪያ ልጄ ናት፤ ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ አንድ ቢሮ ትሠራለች። ከፋሲካ በኋላ ልትዳር ቀን ተቆርጦላታል። የሚያገባት ዳዊት የጎረቤቴ የደምሴ ልጅ ነው፤ እሱም ሥራው እዚሁ ከተማ ነው። ባለፈው ዓመት ደምሴ ሦስት ሽማግሌ ላከብኝ። እኔም እንደ ወጉ ሁለት ጊዜ መልሼ በሦስተኛው «ሰጥቻለሁ» አልኩ።

ደምሴን ማወቅ አለባችሁ። እሱ ያለው አንድ በሬ ነው፤ እኔም ያለኝ አንድ ነው። ሁለቱን ጠምደን፣ ዛሬ የእሱን ማሳ ነገ የእኔን እያልን ስናርስ ኖረናል። መቀናጆ ይባላል። በእኛ አገር መቀናጆ ከወንድም ይበልጣል። ከወንድምህ ብትጣላ ትኖራለህ፤ ከመቀናጆህ ብትጣላ መሬትህ ጦም ያድራል። አንድ በሬ ስቦ፣ አንድ ሰው አስቦ አይሆንም የተባለው ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም።

ጥርሱ በወጣ ማግስት ከልጄ ጋር ጉርድ ሾላ ታክሲ ልንይዝ ተሰለፍን። ተራችን ደርሶ አንድ እግሬን ሳነሳ ረዳቱ በሩን ዘግቶት ሄደ። ዱላዬን አነሳሁ። ትዕግስት ክንዴን ያዘችኝ።

«ሙቭ ኦን ያድርጉ አባዬ፤ ሌላ ይመጣል።»

«ምን ላድርግ?»

«ሙቭ ኦን። ያለፈውን ትቶ ወደ ፊት መሄድ ማለት ነው።»

«ይህማ አዲስ ነገር አይደለም። እኛም ያለፈ አለፈ እንላለን።»

«እናንተ የምትሉት ጥርሳችሁን ነክሳችሁ ነዋ። ይሄ ሳይናደዱ ነው።»

የምነክስበት ጥርስም አልቀረኝም። አሰብኩበት። አጭር ነው፤ አጭር ነገር እወዳለሁ። ከዚያ ወዲያ በየደረስኩበት እሞክረው ጀመር። ወሎ ሰፈር የገዛሁት ጫማ፣ ቤት ስደርስ ትንሿን ጣቴን ነከሳት፤ ልመልሰው ብሄድ ባለሱቁ «የተለካ አይመለስም» አለኝ። ሙቭ ኦን አልኩ፣ እያነከስኩ። መብራት ጠፋ፤ ሙቭ ኦን። መብራቱ ሲመጣ ውኃው ሄደ፤ ሙቭ ኦን። ቦሌ አንድ ትልቅ ሕንፃ በር ላይ ጥበቃው ኪሴን ዳብሶ ዱላዬን ተቀበለኝ፤ ስወጣ ዱላው የለም፣ ሌላ ሽማግሌ የእሱ መስሎት ይዞት ሄዷል። ጥበቃው የሚገባበት ጠፋው።

«ሙቭ ኦን አድርግ» አልኩት።

አፉን ከፍቶ አየኝና ሳቀ። «ፋዘር፣ ለካ አራዳ ኖት» አለኝ። አልዋሻችሁም፣ ደስ አለኝ። በዚህ ዕድሜ፣ ያውም ጥርስ በወለቀ ሳምንት፣ አራዳ መባል ቀላል ነገር አይደለም።

ያን ዕለት ምሳ ላይ ለትዕግስት እንዲህ አልኳት፦ «ያስተማርሽኝ ጥሩ ቃል ነው። ሰው ይህን ካወቀ የቀረው እንግሊዝኛ ቢቀርበትም ምንም አይደል።» ሽሮውን እያወጣችልኝ ነበር፤ እጇ ቆመ። እኔም እጇን አየሁት። የቃል ኪዳን ቀለበቷ የለም።

«ቀለበትሽስ?»

ጭልፋውን አስቀመጠች። «ልነግርዎት ቀን ስፈልግ ነበር አባዬ። እኔና ዳዊት ሙቭ ኦን አድርገናል።»

ድንጋጤ ዓይነት አለው። ጅብ ያየ ሰው ድንጋጤ ያስሮጣል። ይሄኛው ያስቀምጣል። ቀድሞም ተቀምጬ ነበር፤ እንደ ገና ተቀመጥኩ።

«መታሽ?»

«ኧረ እሱ ዝንብም አይመታ።»

«ሌላ ሴት ያዘ?»

«አልያዘም።»

«አንቺስ?»

«እኔም አልያዝኩም አባዬ።»

«ታዲያ በምን ተጣላችሁ?»

«አልተጣላንም እኮ።»

«ካልተጣላችሁ ለምን ተለያያችሁ?»

«ሳንጣላ ብንለያይ ይሻላል ብለን ነዋ። ስንተያይ እንደ እህትና ወንድም ሆንን።»

«እኔና እናትሽ ስንጋባ እንደ ባዳ ነበርን። ያው ኖርን።»

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ብዬ ጨመርኩባት።

«እኛ እንጀራ የምንገዛው ከሱቅ ነው» ብላ መለሰችና በራሷ አፍ ደነገጠች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ደግሞ ጥሩ ቃል ነው ያሉት አሁን እርስዎ ነዎት» አለችኝ።

ታክሲ ላይና ጫማ ላይ የለመድኩት ቃል ትዳር ላይም ይሠራል ያለኝ አልነበረም። እኔ እንዲህ ያለው ነገር ሚዛን ያለው መስሎኝ ነበር። ጤፍ የሚመዘንበት ወርቅ አይመዘንበትም። ሽሮው ቀዘቀዘ። ሁለታችንም አልበላነውም።

ያን ጊዜ በሐሳቤ የመጣው ሠርጉ አይደለም። ደምሴ ነው። ልጅህን አልፈልግም ብላለች ብለው ይነግሩታል፤ ወይም ልጁ ልጄን ጥሏት ሄደ ይባላል። በየትኛውም በኩል ቢወራ ሁለት ቤት ይኮራረፋል፤ በኩርፊያ ቀንበር አይነሳም።

ዳዊትን ካላየሁ አላምንም አልኩ። ይደብቁኛል፣ ይሸሸኛል ብዬ ነበር። እሷ ግን ወዲያው ስልኳን አንስታ «አባዬ ሊያይህ ይፈልጋል፣ ነገ ከሥራ ስትወጣ ና» አለችው፤ የተለየችውን ሰው ሳይሆን ዘመዷን የምትጠራ ነው የምትመስለው። በማግስቱ ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ አንድ ኬክ ቤት ተገናኘን። ጾም አይደለም እንዴ ብል፣ የጾም ኬክ አለ አሉኝ። ያንንም አለፍኩት።

ዳዊት መጣ፤ ጉልበቴን ስሞ ከጎኗ ተቀመጠ። እኛ አገር የተፋቱ ሰዎች ወደ አንድ ቤተ ክርስቲያን በሁለት መንገድ ነው የሚሄዱት። እነዚህ ግን እንደዚያ አይደሉም፤ እሷ ኬኳን እኩል ቆርጣ ሰጠችው፣ እሱም ስለ ቢሮው አለቃ አንድ ነገር ነገራት፤ ተያይተው ሳቁ። ከቀለበቱ ይበልጥ ያስደነገጠኝ ሳቁ ነው።

«ዳዊት፣ አባትህ ያውቃል?» አልኩት።

ሳቁ ቆመ። «እርስዎ ቢነግሩልኝ ብዬ ነበር።»

«እኛማ ተነጋግረን ጨርሰናል አባዬ» አለች ትዕግስት።

ስሕተታቸው ያኔ ገባኝ። እነሱ ነገሩ የሁለት ሰው መስሏቸዋል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ረጅም ንግግር ያደረግሁ አይመስለኝም።

«እኔ ጥያቄውን የሰማሁት ከሽማግሌ ነው፤ ቃሌን የሰጠሁትም ለሽማግሌ ነው። እናንተ ለእናንተ የመለሳችሁት እኔ ዘንድ አልተመለሰም፤ ደምሴ ዘንድም አልተመለሰም። በመጣበት መንገድ ይመለስ። ነገ ዝናብ ቢጥል የአባትህ በሬ ከእኔ በሬ ጋር ይጠመዳል ወይስ አይጠመድም? ይህን አስባችሁታል?»

ተያዩ። ዳዊት ሹካውን አስቀመጠ። «በሬዎቹን ረስተናቸዋል» አለ።

እዚያው ተቀምጬ ለደምሴ ደወልኩ። «ሽማግሌዎቹን ይዘህ ና» አልኩት። «እሺ» አለ። ለምን ብሎ አልጠየቀም። እሱም እንደ እኔ ነው።

ቅዳሜ ረፋድ መጡ። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማ አይቀመጥም፤ ወጉ እንዲህ ነው። አራተኛ ፎቅ ግን ወግ አያውቅም። ሦስቱም እያለከለኩ ገብተው ሶፋው ላይ ወደቁ። ደምሴ ብቻ በሩ አጠገብ ቆሞ ቀረ፤ ፊቴንም አላየኝም። ልጆቹ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። የሆነውን በአጭሩ ነገርኳቸው።

ትልቁ ሽማግሌ አያ መኮንን ትንፋሹን ሰብስቦ፣ «ጥፋተኛው የቱ ነው?» አለ።

«የለም» አልኩ።

«ጥፋተኛ ሳይኖር ነገር አለ?»

«እኔም እሱን ነው የምጠይቀው።»

ልጆቹን በረንዳ አስወጥተው መከሩ። ካሳ እንዳይቆርጡ በማን ላይ? ይቅርታ እንዳያስጠይቁ ለምኑ? አያ መኮንን «ደም የተቃቡ ሰዎች አስታርቄ አውቃለሁ፤ ለዚህ ግን መነሻም አጣሁ» አለ። በመጨረሻ ልጆቹን አስጠራቸው።

«ልጆች፣ እስቲ ትንሽ ተጣሉ።»

«በምን?» አለች ትዕግስት።

«በፈለጋችሁት። ብቻ እኛ እናስታርቃችሁ። ይህን ሁሉ ደረጃ የወጣነው በባዶ አይደለም።»

ትዕግስት አሰብ አደረገችና ወደ ዳዊት ዞረች። «አንተ ሁልጊዜ ታረፍዳለህ።»

«ልክ ነሽ፤ ይቅርታ» አለ ዳዊት።

አያ መኮንን ጭኑን መታ። «ይሄ ልጅ ለጠብ አይረባም» አለ።

ሌሎቹ ሳቁ። ደምሴ አልሳቀም። ከበሩ ሳይነቃነቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ።

«ተሰማ፣ ቂም ይዘሃል?»

«አልያዝኩም። አንተስ?»

«እኔማ ስትደውል ልጄ በድሎህ ነው ብዬ ነበር። በሬውን ልሰጥህ ቆርጬ ነው የመጣሁት። ለልጅ በደል ሌላ የምክስህ ነገር የለኝም።»

አንድ በሬ ያለው ሰው በሬውን ሰጠ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለከተማ ሰው ማስረዳት አይቻልም። ዳዊት ግን የገበሬ ልጅ ነው፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ትዕግስት ሄዳ የደምሴን ጉልበት ያዘች።

አያ መኮንን መላ የተገኘለት መሰለ። ብድግ ብሎ «እናንተ ሁለታችሁ ተሳሳሙ» አለን፣ እኔንና ደምሴን። አልተጣላንም ብለን ልንከራከር ነበር፤ ትተነው ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን። ቃሉን መለስኩ፤ ደምሴም መለሰ። ልጆቹ የአባቶቻቸውን ጉልበት ስመው ተመረቁ፤ ለየብቻቸው። ሽማግሌዎቹ አንድ ነገር አስታርቀው በመሄዳቸው ደስ ብሏቸው ደረጃውን ወረዱ።

እኔም አንድ ነገር ወሰንኩ። ከእንግዲህ ትዕግስትን የሚጠይቅ ሽማግሌ ቢመጣ ሁለት ጊዜ የምመልሰው ለወግ ብዬ አይደለም። ከልጁ ጋር ሲጣሉና ሲታረቁ አንድ ጊዜ በዓይኔ እስካይ ነው። ሳይጣሉ የሚለያዩትን አየሁ፤ ተጣልተው የማይለያዩትን ደግሞ ልይ። ይህን ለልጄ ነገርኳት። «እሺ አባዬ» አለች፤ ፈገግታዋን አልወደድኩትም።

እሑድ ከደምሴ ጋር በአንድ አውቶብስ ጎን ለጎን ተቀምጠን ተመለስን። እስከ ሞጆ አንድም ቃል አልተነጋገርንም፤ ከሞጆም ወዲያ እንደዚያው። አገር ቤት ሌሊቱን ዘንቦ አደረ። ሰኞ ጠዋት በሬዬን ነድቼ ወደ ደምሴ ማሳ ስሄድ መንገድ ላይ አገኘሁት፤ በሬውን ይዞ ወደ እኔ ማሳ እየመጣ ነው።

«ተራው ያንተ ነው» አለኝ።

ተራው የእሱ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። አልተከራከርኩም። ጠመድን።